ሀገር በቀል የተባለው ዛፍ

ከጓሯችን አጥር ወዲያ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አለ። የዛፍና የመሬት ጉዳይ ይመለከተዋል። ስሙን አልጠራም፤ ቦንጋ ትንሽ ከተማ ናትና ብጠራውም ባልጠራውም የሚያውቅ ያውቀዋል። በግቢው ውስጥ፣ ከኃላፊው መስኮት ፊት ለፊት፣ ቅጠሉ ሰፋ ያለ፣ ቁመቱ ከጣሪያው እምብዛም የማያልፍ አንድ ዛፍ ነበር። ማን እንደተከለው የሚያስታውስ ሰው የለም። ሠራተኞች ሞተር ብስክሌታቸውን ከሥሩ ያቆማሉ። ባለጉዳይ ጥላው ሥር ተቀምጦ "ዛሬ የሉም፣ ነገ ይምጡ" እስኪባል ይጠብቃል። ዛፉ ለብዙ ዓመታት የሠራው ይህንኑ ነው። ከአንዳንድ የግቢው ሠራተኞች የተሻለ የሥራ አፈጻጸም ነበረው ማለት ይቻላል።

ከአጥሩ በዚህ በኩል፣ ከእኛ ቤት ቀጥሎ፣ እትዬ ይኖራሉ። ሰፈሩ በሙሉ ስማቸውን ትቶ እትዬ ብቻ ነው የሚላቸው። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ከምንጩ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ባህር ዛፍ ተክለውላቸው ሄደዋል። ማገዶውም፣ የማድ ቤቱ ማገርም፣ የአጥሩ ቋሚም የሚመጣው ከዚያ ነበር። አንድ ዓመት ይኸው መሥሪያ ቤት በባህር ዛፍ ላይ ዘመቻ አወጀ። ባህር ዛፍ ውሃ ይጠጣል፣ መሬት ያደርቃል፣ መጤ ነው ተባለ። ነገሩ ጨርሶ ውሸት አይደለም። ምንጭ አጠገብ የተተከለ ባህር ዛፍ ውሃ እንደሚሻማ እኔም አስተምራለሁ፤ በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ዳሩ ግን የዘመቻው መጥረቢያ ምርጫ ያውቅ ነበር። የእትዬን ዛፎች አንድም ሳያስቀር ጣላቸው። ከወንዙ ማዶ ያለው የአንድ ባለሀብት ባህር ዛፍ ደን ግን ውሃ የማይጠጣ ዓይነት ሳይሆን አይቀርም፣ ማንም አልነካውም።

ያን ቀን ኃላፊው ከተቆረጡት ጉቶዎች በአንዱ ላይ ወጥተው ንግግር አደረጉ። ኃላፊው በዕድሜ ታናሼ ናቸው፤ አንቱ የምለው ወንበሩን ነው። ባህር ዛፍ ጠላታችን ነው፣ ከእንግዲህ ቦታው ለሀገር በቀል ዛፍ ብቻ ነው አሉ። የመሥሪያ ቤቱ የኮሙኒኬሽን ባለሙያ ፎቶ አነሳ፣ ተጨበጨበ። እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው በራቸው ላይ ቆመው ሲያዩ ነበር። ማታ ሻይ ይዤላቸው ስሄድ ስለ ዛፉ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ሰውዬው ጉቶ ላይ ሲወጡ ጫማቸው ሙጫ ነክቶት እንደሆነ ብቻ ጠየቁኝ። አልነካውም ስላቸው ያዘኑ መሰለኝ።

ባህር ዛፍ ግን ስብሰባ አይሰማም። ዝናቡ እንደጣለ ጉቶው ሁሉ አቆጠቆጠ። እትዬ ከፊት ለፊቱ እንሰት ደርድረው ተከሉ፤ ከመንገድ የሚያይ ሰው እንሰቱን እንጂ ከኋላው ያለውን አያይም። ምን ላድርግ ብለውኛል አንድ ቀን፣ ቁረጡ አላችሁ ተቆረጠ፣ አትብቀል ያለው ግን የለም።

በዓመቱ፣ ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ሲበረታ፣ የመሥሪያ ቤቱ ዛፍ አበበ። ሰው ከዚያ በፊት ሲያብብ አይቶት አያውቅም፤ ወይም አብቦ ቀና ብሎ ያየው የለም። አበባው ደም የመሰለ ቀይ ነው፣ በየቅርንጫፉ ጫፍ እቅፍ እቅፍ እየሆነ ይወጣል። ከሩቅ ሲያዩት ግቢው ውስጥ እሳት የተነሳ ይመስላል። ንብ ደግሞ እንዴት አድርጎ እንደሰማ እንጃ፣ ከማለዳ ጀምሮ ይተምበታል።

ከተማው ሌላ ወሬ አጣ። ሙሽሮች በባጃጅ እየመጡ ከዛፉ ሥር ፎቶ ይነሳሉ። አንዱ የድሬዳዋ ዛፍ ነው ይላል፣ ሌላው ቆርች ነው ይላል። አንድ ቀን ደብረ ብርሃን የኖረ ሰው ኮሶ ነው ብሎ ማለ። እኔም ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር ስለምጠየቅ ባለቤቴ ስልኬ ላይ ዕፅዋት የሚለይ አፕ ጫነልኝ። አፑ መጀመሪያ ሮማን ነው አለኝ። ኔትወርክ ሄዶ ሲመለስ ሐሳቡን ቀይሮ ጽጌረዳ አለኝ። በሦስተኛው ፎቶ ላይ የግቢው ጥበቃ ከኋላ ስለገቡ ይህ ዕፅዋት አይደለም ብሎ መለሰልኝ። ከሦስቱ እውነቱን የተናገረው ያኔ ብቻ ነው።

የኮሙኒኬሽን ባለሙያው ግን አፕም መጽሐፍም አላስፈለገውም። በመሥሪያ ቤቱ ገጽ ላይ ዛፉ የካፋ ደን ብርቅዬ ሀገር በቀል ዛፍ መሆኑን፣ በዓለም ላይ ከዚህ ሌላ እንደማይገኝ፣ ከባህር ዛፍ ዘመቻው ወዲህም ደስ ብሎት እንዳበበ ጻፈ። ሀገር በቀል ከሆነ በካፋ ሕዝብ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ስም ሊኖረው ይገባል ብሎ ማንኪራ ድረስ ሄዶ ሽማግሌዎች ጠየቀ። የንብ ቀፎ የሚሰቅሉበትን ዛፍ ሁሉ በስሙ የሚጠሩ ሰዎች ናቸው። ፎቶውን እየተቀባበሉ አይተው እንዲህ ያለ ዛፍ አናውቅም አሉት። እሱ ተመልሶ "የአካባቢ ስሙ በጊዜ ብዛት የተዘነጋ" ብሎ ጨመረበት። አላውቅም የሚለውን ቃል ዘነጋሁ ብሎ የተረጎመ የመጀመሪያው ሰው እሱ ይመስለኛል።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም እኔም ስቄ አልፈው ነበር። ግን ሀገር በቀል የተባለ ነገር መድኃኒት ሳይሆን አይቀርም። አበባው ቀይ ስለሆነ ደም ያጠራል፣ ግፊት ያወርዳል የሚል ወሬ ተነሳ። ሰው ከሥራ ሲወጣ እየተጠጋ ቅጠል ይሸመጥጥ ጀመር። የግቢው ሠራተኞችም አልቀሩም፤ የዛፉ የታችኛው ቅርንጫፍ እጅ እስከሚደርስበት ድረስ ተላጨ።

አንድ ማታ ባለቤቴ በፌስታል ቅጠል ይዞ ገባ። ደም ግፊት አለበት፣ የታዘዘለትን ክኒን መዋጥ ግን አይወድም። ለወትሮው ውሃ እንኳ አፍልቶ የማያውቅ ሰው ድስት ጥዶ አገኘሁት። ምን እንደሆነ ስጠይቀው የቢሮው መድኃኒት ነው አለኝ። ከፌስታሉ አንድ ቅጠል አንስቼ በመዳፌ አሸሁና አሸተትኩት። ሽታው ደካማ ነው፤ ቢሆንም ለየሁት። በልጅነቴ ጉንፋን ሲይዘኝ እናቴ ጋቢ አከናንባ የምታጥነኝ ቅጠል ወንድም ነው። ድስቱን አውርጄ ደፋሁት። ባለቤቴ አኮረፈ፤ መንግሥት ያረጋገጠውን ዛፍ አንቺ ማነሽ አለኝ።

በማግስቱ ከክፍል ወጥቼ ወደ ግቢው ሄድኩ። አበባው ሥር ገብቼ በደንብ አየሁት። ከድሬዳዋ ዛፍና ከቆርች ጋር የሚያገናኘው ቀለሙ ብቻ ነው። ቦትል ብራሽ የሚባለውን፣ ጠርሙስ መጥረጊያ የመሰለ አበባ ያለውን የአጥር ዛፍም አይደለም፤ የእሱ አበባ በእንጨቱ ዙሪያ ይጠመጠማል፣ ይህኛው ግን ጫፍ ላይ ነው የሚታቀፈው። እንቡጡን ሳየው ትንሽ ቆብ ደፍቷል። ቆቡን በጥፍሬ ገፋ ሳደርገው ተፈናጥሮ ወደቀና ከውስጥ ቀያይ ክሮች ተዘረጉ። ሰው የአበባ ቅጠል የሚለው ያ ቀይ ነገር ሁሉ ክር ነው። ፍሬው ደግሞ አፉ የጠበበ፣ ሆዱ የሰፋ፣ ድርቅ ያለ እንጨት ነው፤ ለአሻንጉሊት የተሠራ እንስራ ይመስላል። እንቡጡ ቆብ የሚደፋ፣ ፍሬው እንስራ የሚመስል ዛፍ ከወዴት ወገን እንደሆነ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እነግራለሁ።

ቢሆንም ቸኩዬ እንዳልሳሳት ፎቶዎቹን ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ላስተማሩኝ መምህር በቴሌግራም ላክሁላቸው። ሲመሽ መለሱልኝ። ከአውስትራሊያ የመጣ፣ ለውበት ብቻ በየመንገዱ የሚተከል ባህር ዛፍ ነው አሉ። ተመራማሪዎች እሱንና መሰሎቹን ለይተው ሌላ የወገን ስም ሰጥተዋቸዋል፤ ቢሆንም የባህር ዛፍ የአጎት ልጅ መሆኑ አልቀረም፤ ትልቁ ፍሬው ብቻ ይመሰክራል ብለው ጻፉልኝ። ቦንጋ ውስጥ በዚያ ዝናብ እንዴት እንደኖረ ግን ገርሟቸዋል፣ ደረቅ አየር ነው የሚወደው።

ለኮሙኒኬሽን ባለሙያው ነገርኩት። ፊቱ ጠቆረ። የተለጠፈ ነገር አይነሳም፣ ኃላፊውን አናግሪ አለኝ። ኃላፊው ዘንድ ገባሁ። ዛፉ በመስኮታቸው በኩል ቢሮውን ሁሉ አቅልቶት ነበር። ያየሁትን፣ መምህሬ ያሉኝን፣ ሰው እያፈላ እየጠጣው መሆኑን ነገርኳቸው። ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

"ባህር ዛፍ እኮ ቆርጠን ጨርሰናል" አሉ በመጨረሻ።

"ይሄኛው ቀርቷል" አልኳቸው።

የአጎት ልጅ የሚለውን ሲሰሙ ትንሽ ተነቃቁ። እንግዲያው ራሱ አይደለም ማለት ነዋ አሉኝ። የአጎቱ ልጅም የተወለደው እዚያው አውስትራሊያ ነው አልኳቸው። ወዲያው ከፌዴራል መሥሪያ ቤት እንግዶች እንደሚመጡ፣ ዛፉን ሊያዩ እንደሚመጡ፣ እኔም በባለሙያነት ተጋብዤ እንድገኝ ነገሩኝ። ነገሩ እንዴት ከዚያ ወደዚህ እንደዞረ አልገባኝም። ብቻ ቅጠሉን የሚጠጣውን ሰው አንድ ነገር ያድርጉልኝ ብዬ ወጣሁ። አደረጉ፤ በማግስቱ ግንዱ ላይ "ያለ ፈቃድ ቅጠል መቁረጥ ክልክል ነው" የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ከዚያ ወዲህ ሰው ፈቃድ እየጠየቀ ይቆርጥ ጀመር።

እንግዶቹ በመጡ ቀን ግቢው ተጠርጎ፣ ሞተር ብስክሌቶቹ ከጥላው ሥር ተነስተው፣ ባነር ተሰቅሎ ነበር። እትዬ ከአጥራቸው ባሻገር በርጩማ አውጥተው ተቀምጠዋል። ኃላፊው ስለ ካፋ ደን፣ ስለ ቡናው፣ ስለ ማሩ ተናገሩ፤ ያ ሁሉ እውነት ነው፣ ጆሮም ደስ ይለው ነበር። ቀጥለው ወደ ዛፉ ሲዞሩ ከእንግዶቹ አንዱ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው፣ ስሙ ማን ይባላል ብለው ጠየቁ። ኃላፊው ስሙ በጊዜ ብዛት የተዘነጋ መሆኑን ገለጹና ዝርዝሩን ባለሙያችን ያብራራሉ ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ። ሰው ፊት ቆማ ባህር ዛፍ ነው አትልም ብለው ተማምነው ይሆናል።

"ባህር ዛፍ ነው፣" አልኩ፣ "አበባው ቀይ የሆነ ባህር ዛፍ።"

የኮሙኒኬሽን ባለሙያው ካሜራውን ዝቅ አደረገ። እኔ ኃላፊው ምን ሊሉኝ ነው እያልኩ እጠብቃለሁ። ሽማግሌው እንግዳ ግን ሳቅ አሉና እኔም ግቢ አለ፣ አዲስ አበባ፣ ባለቤቴ ነች የተከለችው አሉ። ዛፉን ዳበስ ዳበስ አደረጉት። በጣም የሚያምር ዛፍ ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር ቢስፋፋ ከተማውን ያስውበዋል ብለው ጨመሩ። ኃላፊው ትንፋሽ እንኳ አልወሰዱም። እኛም ያሰብነው ይህንኑ ነው፣ ችግኝ ጣቢያችን ዝግጅቱን ጀምሯል አሉ። ጭብጨባው ከቀድሞው በረታ። ከሁሉ የሚገርመኝ የዋሸ ሰው አለመኖሩ ነው፤ ባህር ዛፍ መሆኑን ተናግሬያለሁ፣ ሁሉም ሰምቷል፣ ማንንም አልጎረበጠውም። እውነት ብርቅ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እንደ ሻይ ቅጠል ተጠጥቶ የሚደፋ ነው።

ከወራት በኋላ ችግኙ ደረሰ። የማከፋፈያው ዕለት ያው ባነር ወጣ። ጽሑፉ ላይ ባህር ዛፍ የሚል ቃል የለም፤ "ቀይ ውበት" ብለው ሰይመውታል። ዝግጅቱን ለማሳመር ከአካባቢው ነዋሪ አንድ ሰው በክብር ችግኝ እንዲቀበል ተፈለገ፤ በዘመቻው ጊዜ የተባበሩ ናቸው ተብሎ እትዬ ተመረጡ። ይህን ያሰበው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ወይ የለየለት ቂል ነው፣ ወይ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ እትዬን የሚወድ አንድ ሰው አለ።

እትዬ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው መጡ። ኃላፊው ችግኙን በሁለት እጃቸው ሲያቀርቡላቸው ተቀብለው ቅጠሉን ገለጥ አድርገው አዩት፣ ጠጋ አድርገው አሸተቱት። ኃላፊው ለፎቶ ፈገግ ብለው ቆመዋል።

"ይሄ የቆረጣችሁብኝ አይደለም እንዴ?" አሉ እትዬ።

ኃላፊው ቀስ ብለው፣ አይደለም እናቴ፣ የርስዎ አበባው ነጭ ነበር፣ ይህ ቀይ ነው፣ ለውበት ነው አሏቸው።

"እንዲህ ከሆነ ቀድማችሁ ብትነግሩኝ ቀለም እቀባው ነበር" አሉ እትዬ።

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ከኋላ ያሉት አልሰሙም፣ ከፊት ያሉት ጫማቸውን ያዩ ጀመር። እኔ ሳቄን ለመዋጥ ሳል ያዘኝ ብዬ በነጠላዬ አፌን ሸፈንኩ። እትዬ ግን አልሳቁም። ችግኙን ታቅፈው፣ እጅ ነስተው፣ በዝግታ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከዝግጅቱ በኋላ ሄጄ ሳያቸው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ችግኙ አጠገባቸው ነበር። ዓይናቸው ቀልቷል። ባለቤታቸው ያንን ተዳፋት ቆፍረው ዛፉን ሲተክሉ ታመው እንደነበር፣ እኔ ባልኖር እንኳ እንጨት አታጪም እንዳሏቸው ነገሩኝ። ይህን ከዚያ በፊት ነግረውኝ አያውቁም። አጠገባቸው ቁጭ አልኩ፣ በቃ።

ቀይ ውበት ብዙ አልቆየም። መምህሬ እንዳሉት ደረቅ አየር የሚወድ ዛፍ ነውና የቦንጋ ዝናብ ችግኙን ከሥሩ እያበሰበሰ ጨረሰው። በየቢሮው ደጃፍ፣ በየአስፋልቱ ዳር የተተከለው እንጨት ሆኖ ቀረ፤ ለሺሺንዳ ከተማ የተላከውም እንደዚያው ሆነ ብለውኛል። ኃላፊው ግን ጸደቁ። ችግኙን በማሰራጨት ባሳዩት ውጤት ከፍ ወዳለ ወንበር ተዛወሩ፤ አሁን በውሃ ጉዳይ ላይ ናቸው። ባለቤቴም ክኒኑን ጀምሯል። የጀመረው ግን እኔ ስለነገርኩት አይደለም፣ ቅጠሉን ሲጠጣ የነበረ የሥራ ባልደረባው ሆዱን ታሞ ሲሰነብት ስላየ ነው።

በግቢው ያለው ዛፍ በየዓመቱ ያብባል። አሁን ከፊቱ በሲሚንቶ የተተከለ የብረት ሰሌዳ አለ፣ "ብርቅዬ ሀገር በቀል ዛፍ" ይላል። ባለፈው ዓመት ለተማሪዎቼ መጤና ሀገር በቀል ዛፎችን ለይታችሁ ጥቀሱ የሚል ጥያቄ አውጥቼ አንዲት ጎበዝ ተማሪ የግቢውን ዛፍ ሀገር በቀል ከሚባሉት ጎን ጻፈችው። ኤክስ አደረግሁባት። የሰሌዳውን ፎቶ በስልኳ ይዛ መጣች፤ ቲቸር፣ መንግሥት ጽፎታል እኮ አለችኝ። አልተቆጣኋትም። ይዣት ሄድኩና እንቡጡን አሳየኋት፣ ቆቡን በጥፍሯ እንድትገፋው ነገርኳት፣ ከወደቀው ፍሬም አንዱን አንስቼ ሰጠኋት። ከዚያ የእትዬን ባህር ዛፍ ፍሬ አጠገቡ አስቀመጥኩላት። ትንሽና ትልቅ ከመሆናቸው በቀር አንድ መሆናቸውን ራሷ ደረሰችበት። ፍሬዎቹን በመዳፏ እያገላበጠች ቆይታ፣ ታዲያ ሰሌዳውን ማን ያንሳው ብላ ጠየቀችኝ።

እሱ የባዮሎጂ ጥያቄ አይደለም፣ የዜግነት ትምህርት መምህራችሁን ጠይቂ አልኳት። የምር ጠይቃው ኖሮ በማግስቱ መምህሩ በእረፍት ሰዓት ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ሻዩን አማሰለ፣ ግራ ቀኙን አየና፣ እኔ ምን አድርጌሻለሁ አለኝ።